ባዜቃ ሽታ የለውም

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ አሶሳ አካባቢ ወጣ ብዬ አንድ ወርቅ አውጪ ቤት ቡና ጠጣሁ። ልጅ እግር ነው፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ወሬ እያወራን ከኪሱ የተቋጠረች ጨርቅ አወጣ። ውስጧ ሽምብራ የምታክል ብርማ ድቡልቡል ነገር አለች። ወርቅና ባዜቃ ናት፤ እነሱ ሜርኩሪ ነው የሚሉት። ባዜቃው ከታጠበው አሸዋ ውስጥ ደቃቁን ወርቅ ለቃቅሞ ይይዛል፣ ከዚያ በጨርቅ ተጨምቆ የቀረው ይቃጠላል። ልጁ በቆርቆሮ ክዳን አድርጎ ጀበናው በተነሳለት ከሰል ላይ ጣዳት። ትንሽ ቆይታ ቢጫ ሆነች። የእህቱ ልጅ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው" አልኩት።

"ሽታ እንኳ የለውም፣ ምን ያደርገናል?" አለኝ።

አለመሽተቱ ነው ጉዱ። የሚተነው ባዜቃ በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ለፅንሱም ይተርፋል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግድግዳውና ምንጣፉ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወርቅ ዜና ስሰማ ያቺ ልጅ ትታወሰኛለች። ዜናው ደግሞ ብዙ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ድሮ በባንክና በጥቁር ገበያ ዋጋ መሃል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ወርቁ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጉረፍ ጀመረ። በዚህ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ለአገር የሚገባው ገንዘብ ወደ አገር ገባ። ግን ዋጋ ብቻውን ወርቁን ከጫካ እስከ ባንክ ካመጣው፣ ባዜቃውንም ከማጀት ሊያስወጣው ይችላል ብዬ አምናለሁ። ያለ ባዜቃ ለሚያመርቱ ወይም ጢሱን ለሚይዙ ማኅበራት በግራም ትንሽ ጭማሪ ይከፈል። ወርቁን አይቶ መለየት አይቻልም፣ እሱ እውነት ነው። የማኅበሩን የሥራ ቦታ ሄዶ ማየት ግን ይቻላል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ ደግሞ ጉጂ ዞን ውስጥ ያለውን የለገደንቢን ወርቅ ማውጫ የረሳ ሰው መኖር የለበትም። የሻኪሶ አካባቢ ነዋሪዎች ከማዕድን ማውጫው በሚወጣ ብክለት ፅንስ ይጨነግፋል፣ ልጆች አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ ብለው አደባባይ ወጡ፤ ኩባንያው አስተባበለ፤ ፈቃዱ ግንቦት 2010 ታገደ፤ በ2013 ሥራው እንደገና ጀመረ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ማውጫው ከመከፈቱ በፊት ውሃው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ፣ ነዋሪው በእጁ ይዞ የሚከራከርበት ወረቀት አለመኖሩ ነው። አዲሶቹ የወርቅ ማውጫዎች ኩርሙክና ቱሉ ካፒ ላይ ይሄ እንዳይደገም ወንዙና ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይለካ፣ ውጤቱም በየቀበሌው በሰው ቋንቋ ይለጠፍ። ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚጠቀም ፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሰው ይሄንን መጠየቅ መብቱ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሪቶርት የሚባል ዕቃ አለ፤ ክዳኑ ግጥም ያለ የብረት ዕቃ ነው፣ በቱቦ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ይወስደዋል፣ እዚያ ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ባዜቃ ተመልሶ ይገኛል። ቧንቧ ዕቃ መሸጫ ከሚገኝ ብረት ሊሠራ ይችላል። ባዜቃው እንደሚተርፍለት ስነግረው ነው ቀና ያለው፣ በገንዘቡ የሚገዛው ነገር ነዋ። "ታዲያ ማን ይሠራልኛል?" አለኝ። ስልኩን ተቀብዬው መጥቻለሁ። አሶሳ ያላችሁ በያጆች ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።