ታይተስቪልን ከወንዙ ጀምሬ እንደገና ጻፍኳት

ለአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ስምንት ወር ይበቃኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ከተማዋ ታይተስቪል ትባላለች። የምትገኘው በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት ሰሜን ምዕራብ፣ ደን በለበሱ ኮረብታዎች መሃል ነው። ዛሬ ነዋሪዎቿ ከ5,000 ትንሽ ቢበልጡ ነው። የዘመናዊው የነዳጅ ንግድ ግን ከእሷ ደጃፍ ነው የተነሣው። እኔ ፒትስበርግ ነው የምኖረው። በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንድ ቅዳሜ ለሽርሽር ሄድኩና ልቤ እዚያው ቀረ። ቤቴ ስመለስ ስለ ከተማዋ በአማርኛ የሚነበብ ነገር ፈለግኩ፤ የረባ ነገር አጣሁ። እንግዲያውስ ራሴ ልጻፈው አልኩ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሁሉም ሰው በሚጀምርበት ቦታ ጀመረ። ኤድዊን ድሬክ የሚባል የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ቢሊ ስሚዝ ከሚባል ብረት ቀጥቃጭ ጋር ሆኖ ሲቆፍር፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1859 ጉድጓዱ 21 ሜትር ገደማ ደረሰ። በማግሥቱ ስሚዝ ወደ ቧንቧው አጎንብሶ ቢያይ ዘይት! ከዚያ ሀብት፣ ከዚያ ግርግር። 40 ገጽ ጻፍኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ረቂቁን ይዤ ወደ ከተማዋ ተመለስኩ። እዚያ ጎብኚ የሚያስተናግዱ አንዲት አረጋዊት በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። የጻፍኩትን በቃል ተረኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እሺ፣ ዘይቱ ወጣ። ማን ተሸከመው? በየት በኩል?» መልስ አልነበረኝም። 40 ገጽ ሙሉ አንድ በርሜል እንኳ ከቦታው አላንቀሳቀስኩም። ያን ማታ ረቂቁን ወደ ጎን አደረግኩና ካርታ ዘረጋሁ።

ትምህርቴ የጀመረው ከዚያ ነው። የዚያ አገር ታሪክ በሙሉ አንድ ወንዝ ላይ ተሰክቷል፤ ኦይል ክሪክ ይባላል፣ «የዘይት ጅረት» እንደ ማለት ነው። ታይተስቪልን አልፎ በጠባብ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ ይወርድና ኦይል ሲቲ ላይ ከአሌጌኒ ወንዝ ጋር ይገናኛል። አሌጌኒ ደግሞ ፒትስበርግ ይደርሳል። ስሙ ከድሬክ በፊት የነበረ ነው። ዘይቱ ድሮም ከመሬት እየመነጨ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። የአገሩ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የሴኔካ ሕዝቦች ይሰበስቡት ነበር። በሸለቆው ውስጥ፣ ግድግዳቸው በእንጨት የተደገፈ፣ ዘይት የሚጠራቀምባቸው ጥንታዊ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ስለዚህ «ድሬክ ነዳጅን አገኘ» የሚለውን ዓረፍተ ነገሬን ሰረዝኩት። ድሬክ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። አፈሩና ውሃው ጉድጓዱን እየደረመሰ ሲያስቸግረው፣ የብረት ቧንቧ እስከ አለቱ ድረስ ደብድቦ አስገባ፤ ቁፋሮውን በቧንቧው ውስጥ አድርጎ ቀጠለ። ዘዴው በዓለም ሁሉ ተሠራበት። እሱ ግን መብቱን አላስመዘገበም። ገንዘቡ አልቆ፣ ታሞ ሲቸገር፣ የፔንስልቬንያ ግዛት በ1873 በዓመት 1,500 ዶላር ጡረታ ቆረጠለት።

ሸለቆውን በእግሬ ሄድኩት። የድሮው የባቡር ሐዲድ መስመር ዛሬ የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆኗል፤ ከድሬክ ጉድጓድ ፔትሮሊየም ሴንተር እስከምትባለው ቦታ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ ያልገባኝ ነገር እዚያ ገባኝ። ኮረብታው ከግራና ከቀኝ ይጫናል። ሜዳ የሚባለው ከወንዙ ዳር ያለች ቀጭን መሬት ብቻ ናት። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ነዳጅ የሚገኘው ጅረት አጠገብ ነው ብለው ስላመኑ፣ የቁፋሮው ማማ፣ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ ሁሉም እዚያችው ላይ ተደራረበ። እሳት ሲነሣ የሚሸሽበት፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚወጣበት ጠፋ። ሰኔ 1892 ጎርፍና እሳት አንድ ላይ መጡ። ጎርፉ የሰበራቸው ታንኮች ዘይት በውሃው ላይ እየነደደ ወረደ፤ ታይተስቪልና ኦይል ሲቲ ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ። ያንን አደጋ ከመጽሐፍ ሳነበው ክፉ ዕድል መስሎኝ ነበር። ሸለቆውን ያየ ሰው ግን የሆነው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ጥያቄ ልመለስ። ማን ተሸከመው?

መጀመሪያ ወንዙ ራሱ። ኦይል ክሪክ በአብዛኛው ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ከላይ በኩል ባሉ የወፍጮና የእንጨት መሰንጠቂያ ግድቦች ውሃ ያጠራቅሙና በቀጠሮ ይለቁታል። በርሜል የጫኑ ጀልባዎች ማዕበሉን ተከትለው ወደ ኦይል ሲቲ ይወርዳሉ። ሲጋጩ ዘይቱ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ቀጥሎ ደግሞ ባለጋሪዎች አሉ። ፈረሶቹ እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ እየገቡ ይጎትታሉ። አንድ በርሜል የያዘው ዘይት ብቻውን 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዛሬ በዜና «በርሜል» ሲባል የምንሰማው 42 ጋሎን፣ ማለትም 159 ሊትር፣ ከዚሁ አገር የመጣ ልክ ነው። በ1866 የአካባቢው አምራቾች 40 ጋሎን ላይ ሁለት ጋሎን ጨምረው ለመሸጥ ተስማሙ፤ ገዢው በመንገድ በሚንጠባጠበው እንዳይጎዳ። ይህችን ነገር ሳገኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት መለኪያ ውስጥ የዚያ ጭቃ መንገድ ተቀምጧል።

ከታይተስቪል ደቡብ ምሥራቅ ፒትሆል የምትባል ቦታ አለች። ያለ እሷ የታይተስቪል ታሪክ ጎዶሎ ነው። በጥር 1865 እዚያ ከአንድ ጉድጓድ ዘይት ፈንድቶ ወጣ። በግንቦት የከተማ ቦታ ተሸነሸነ። በመስከረም ነዋሪው 15,000 ገደማ ደረሰ ተባለ፤ ከ50 በላይ ሆቴሎች ነበሯት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሳሙኤል ቫን ሲክል ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ቧንቧ እስከ ባቡር ጣቢያው ዘረጋ። ቧንቧው በሰዓት 80 በርሜል ገደማ ያስተላልፍ ነበር። እንጀራቸው የተነካባቸው ባለጋሪዎች ቧንቧውን ሰበሩት፤ የታጠቀ ጠባቂ ቆመለት። መጀመሪያ ስጽፍ ባለጋሪዎቹን «ሁከተኞች» ብያቸው ነበር። በኋላ አወጣሁት። ፈረስና ጋሪ ገዝቶ ለመጣ ሰው ያ ቧንቧ ምን ማለት እንደነበር ማሰብ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ የቁጥር ስህተትም ሠርቻለሁ። «15,000 የነበረው ሕዝብ በ1870 237 ሆነ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። ነገር ግን 237ቱ የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ነው። 15,000ው በዘመኑ ሰዎች የተገመተ ነው፤ በቆጠራ አልተረጋገጠም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንድ ዓይነት አስመስሎ ማቅረብ ግን አንባቢን ማታለል ነው። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ቀለም መጠቀም ጀመርኩ። የተቆጠረውን በጥቁር፣ የተገመተውን በቀይ። ሥራዬን ከማንም መሣሪያ በላይ የረዳው ይህ ነው።

ሌላው ስህተቴ የቀን ነው። የድሬክን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ነሐሴ 21 ቀን 1851 ዓ.ም. ብዬ ነበር፤ የዛሬውን ስሌት ይዤ። ትክክለኛው ነሐሴ 22 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ከ1900 በፊት ያለ ቀን የምትቀይሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ሰዎችን ማነጋገሩም ቀላል አልነበረም። መቅጃዬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ «የከተማዋን ታሪክ ይንገሩኝ» ስል፣ ሰዎቹ ሐውልቱ ላይ የተጻፈውን ነበር የሚነግሩኝ። ዘዴዬን ቀየርኩ። የድሮ ፎቶ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጆን ማዘር የሚባል እንግሊዝ ተወላጅ ፎቶ አንሺ በወንዙ ላይና ታች እየተመላለሰ ማማዎቹን፣ ሠራተኞቹን፣ ጭቃውን አንሥቷል። በ1892ቱ ጎርፍ ብዙ የመስታወት ፊልሞቹ ጠፍተዋል፤ የተረፉት በድሬክ ጉድጓድ ሙዚየም ይገኛሉ። ቅጂውን ዘርግቼ «ይህ ቤት የት ነበር?» ስል ሰው ሁሉ ያወራል። አያቱ በርሜል ሠሪ እንደነበሩ፣ ሴት አያቱ ለቆፋሪዎች ምግብ እያበሰሉ ቤት እንዳቆሙ። ጥያቄው ትንሽ ሲሆን መልሱ ትልቅ ይሆናል።

ስለ ሴቶቹ ዘግይቼ ነው የነቃሁት። በሸለቆው ታዋቂ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ የጆን ስቲል ነው። የወረሰውን የነዳጅ ሀብት በአንድ ዓመት ገደማ አባክኖ ጨረሰው፤ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ሀብቱን ያወረሱት ሳራ ማክሊንቶክ ግን በአንድ መስመር ይታለፋሉ። እኚህ መበለት በ1864 ምድጃ ለማቀጣጠል ድፍድፍ ዘይት ሲያፈሱ እሳቱ ፈነዳባቸው፤ ከቃጠሎው አልተረፉም። እኔም በአንድ መስመር አልፌያቸው ነበር። አሁን የራሳቸው ክፍል አላቸው። በዚያው ሸለቆ፣ በማክሊንቶክ ስም የሚጠራው በ1861 የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ዛሬም ጥቂት ጥቂት ያመርታል።

አይዳ ታርቤል የተባለችው ጋዜጠኛም የዚሁ አገር ልጅ ናት። አባቷ የእንጨት ታንክ እየሠራ ነበር የሚያድረው። ፒትሆል ስትሞት አንዱን ትልቅ ሆቴል በ600 ዶላር ገዝቶ አፈረሰውና በእንጨቱ ታይተስቪል ላይ ቤት ሠራ። ያ ቤት አሁንም ቆሟል። ፊት ለፊቱ ቆሜ መስኮቶቹን ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ከፒትሆል ሆቴሎች ቆሞ ያየሁት እንጨት እሱ ብቻ ነው። ቦታዋ ላይ ዛሬ ሣር ነው፤ መንገዶቿ የት እንደነበሩ እንዲታወቅ ሣሩን በመስመር ያጭዱታል።

አሁን ሁለተኛው ረቂቅ አልቋል። የሚጀምረው ከወንዙ ነው፤ ድሬክ የሚመጣው በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ይቀረኛል፤ በኦይል ክሪክ ዳር ያለችው የሩስቪል። ሚያዝያ 17 ቀን 1861 እዚያ አንድ ጉድጓድ ጋዝ እየተፋ ተቀጣጠለ፤ 19 ሰዎች ሞቱ። የጉድጓዱ ባለቤት ሄንሪ ሩስ በጽኑ ተቃጥሎ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ተናዘዘ፤ ከሀብቱ አብዛኛውን ለዋረን ካውንቲ ድሆችና መንገዶች ተወ። የእሱን ስም ሁሉም ያውቀዋል። የቀሩትን ስሞች ከድሮ ጋዜጦች አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፤ በሚቀጥለው ወር በየመካነ መቃብሩ እየዞርኩ ከድንጋዮቹ ጋር አመሳክራቸዋለሁ።