አልፎንሶ ኩዋሮን እና የማይቆረጠው ትዕይንት

ዛሬ «ሮማ»ን ደግሜ አየሁት። ኩዋሮን ይህን የ2018 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ዳይሬክት ብቻ ሳይሆን የቀረጸውም ራሱ ነው፤ በዲጂታል ካሜራ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ታሪኩ በሚሄድበት ቅደም ተከተል።

ኩዋሮን የሚታወቅበት፣ ሳይቆረጥ የሚሄድ ረጅም ትዕይንት ግን ከባድ ዝግጅት አለው። በ2006ቱ ፊልሙ «ችልድረን ኦፍ ሜን» የመኪናው ጥቃት ሲቀረጽ ጣሪያው ተነስቶ ካሜራው ከላይ ተሰቀለ፤ ወንበሮቹም ካሜራው ሲያልፍ ተዋናዩን ይዘው ወደ ኋላ እንዲጋደሙ ተደርገው ተሠሩ። አንድ ሰው ጥቂት ከዘገየ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ነው! በጦርነቱ ትዕይንት ደግሞ ሰው ሠራሽ ደም ሌንሱ ላይ ተረጨ። ኩዋሮን «ቁረጡ» ቢልም ፍንዳታው ድምፁን ዋጠው፤ ቀረጻው ቀጠለ፣ ደሙም ፊልሙ ላይ ቀረ።

«ግራቪቲ» የተሰኘው ፊልሙ በ2014 የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ሲያስገኝለት ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ሜክሲኳዊ ሆነ። እኔ ግን በ2019 በ«ሮማ» ያገኘውን የሲኒማቶግራፊ (የፊልም ቀረጻ) ኦስካር አስበልጣለሁ።