ሰባተኛው ኪሎ

እሑድ ጠዋት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደጁ ደስ ይላል፤ እኔን ግን ምን እንደከፋኝ እንጃ። ጋዋኔን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ።

“የምርት ልማት ኬሚስት” ከተባልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ስሙ ሲጠራ ያምራል። እማዬማ ለጎረቤት “ሳይንቲስት” ብላ አሳጥራዋለች። ሥራዬን ያየ ሰው ግን ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ጨው ስጨምር ነው የሚያገኘኝ። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ጨው!

ሳሙናው ቀጠን ካለ ሰው “ውሃ በርዘውበታል” ይላል። ስለዚህ እናወፍረዋለን፤ ለዚህ ደግሞ ከጨው የሚረክስ ነገር የለም። ጨው ሲገባበት የሳሙናው ሞለኪውሎች ተሰባስበው እንደ ረጃጅም ትል ይጠላለፋሉ፣ ፈሳሹም ማር ይመስላል። ልኩን ካለፈ ግን ተመልሶ ይቀጥናል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግማሽ ሊትር በቢከር ሞከርኩ። 2 በመቶ ጨው፣ ልክ እንደ ማር። ያንኑ ለ500 ሊትር አባዛሁና 10 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ቴክሳፖኑ (የሳሙናው ዋና ጥሬ ዕቃ) ከአዲስ በርሜል መቀዳቱን፣ የጨው ልኩም ሊለይ እንደሚችል ልብ አላልኩም። ሰባተኛው ኪሎ ሲገባ ሳሙናውን የሚያማስሉት ጋሼ እንጨታቸውን ነክረው ወደ ላይ አነሱት። ከጫፉ የወረደውን ክር በዓይናቸው ተከትለው፣ “ይበቃዋል የኔ ልጅ” አሉ።

“ጋሼ፣ ሦስት ኪሎ ይቀራል እኮ።” ወረቀቴንም አሳየኋቸው። ወረቀት ያከብራሉ፣ ዝም አሉ። ጨመርን። ትንሽ ቆይተው እንጨቱን ሲያነሱት ክሩ የለም። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

“ወጥ ጨው ሲበዛበት ቤት ምን ታደርጊያለሽ?” አሉኝ። ወጥ እንደማልሠራ አልነገርኳቸውም። ውሃና ቴክሳፖን እየጨመርን ጨዉን አሳሳነው። 500 ሊትር ያልነው 650 ሆኖ ወጣ። አለቃዬ “ምርታማነት ጨመረ” ብሎ አለፈ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አረፋውም እንደዚያው ነው። ጥሩ አድርጎ ለማጽዳት ብዙ አረፋ አያስፈልግም፤ የማጠቢያ ማሽን ዱቄት እንዲያውም አረፋው እንዲያንስ ተደርጎ ነው የሚሠራው። እኛ ግን የሚኩረፈረፍ ካልሆነ አንገዛም። አያቴ ጋቢ በእንዶድ ስታጥብ ክንዷ በአረፋ ይሸፈን ነበር። ፍሬውን ወቅጣ፣ በውሃ አሽታ፣ አንድም ነገር ሳትመዝን። ያን ሁሉ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማም ያንኑ አረፋ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓመታት ሠርተውበት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያ ወንዝ ዳር ግን ስንት የተማረ ሰው አልፎበት ይሆን? አጣቢዎቹስ? እነሱ ቀንድ አውጣዎቹን አላዩም ማለት ይከብደኛል። የጠየቃቸው አልነበረም ይሆናል።

እኔ በዚያ ባልፍስ? እንጃ። ጋሼ እንጨታቸውን አንስተው ፊቴ ላይ ሲያሳዩኝ እንኳ እኔ የማየው ወረቀቴን ነበር።

ነገ እንዴት እንደሚለኩት ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ክሩን በርዝመቱ ነው ወይስ በሚቆይበት ጊዜ? የፈሳሽ ውፍረት የሚለካውን ቪስኮሜትር አጠገባቸው አድርጌ ቁጥሩን ብመዘግብ... “ልትፈትኚኝ ነው?” ቢሉኝስ?

ኧረ ጋዋኑ! ለማለቅለቅ ብነሳ ቧንቧው አፏጨብኝ፣ ውሃ ሄዷል። ሳፋው በአረፋ ተሞልቷል፤ የራሴ ሳሙና ነው፣ አረፋውን ጨምሩበት ያልኩትም እኔ ነኝ።