ከዘንገና እስከ ዓባይ በረሃ፦ ጎጃምን በሞተር መዞር

ይህን ጉዞ ስናቅድ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የምናሰፍረው የየቦታውን ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ከ2,500 አለፍ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ግድም፣ ጮቄ አናቱ ከ4,000 በላይ፣ ከደጀን በታች ያለው የዓባይ ድልድይ ደግሞ 1,100 አካባቢ። ከውርጭ እስከ ቆላ በአንድ ጉዞ ይገባል። ርቀቱን ደህና የተያዘ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ሳይቸገር ይጨርሰዋል፤ ካርቡሬተሩን (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን)፣ ፍሬኑንና ነጂውን የሚፈትነው ይህ የሦስት ሺህ ሜትር ልዩነት ነው።

ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ ከአስፋልት ከወጡ ዋልካው ጎማና ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) መካከል እየተጠቀጠቀ የፊት ጎማውን ጭርሱን ያስቆመዋል። ጭቃ የማይቀርበት መንገድ ካለ የፊቱን ፓራፋንጎ ከፍ አድርጎ ማሰር ወይም ፈትቶ መጫን ነው። ጢስ ዓባይም አምሮ የሚታየው በመስከረም ነው፤ በበጋ ከውኃው ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል።

ከአራት እስከ ስድስት ሞተር ይበቃል፣ ከዚያ ከበለጠ መጠባበቁ ቀኑን ይበላዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ቢነዳ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ አንድ መለዋወጫ ለሁሉም ይሆናል። ለቦክሰር 150 የምንይዘው ሁለት ካላማዳሪ ማለትም የጎማ ውስጥ ላስቲክ (የኋላው 3.00-17 ሲቸግር ለፊቱም ይሠራል)፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ)፣ የፍሪስዮንና የቤንዚን ገመድ፣ የካቴና (ሰንሰለት) ማያያዣ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የማሰሪያ ሽቦ፣ ከ8 ጀምሮ የጎማውን ዳዶ እስከሚፈታው ድረስ ቺያቬ (የቡሎን መፍቻ)። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፍሪስዮንና የፍሬን መጨበጫ ነው። ሞተር በኮረኮንች ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ከመያዝም በላይ የመጨበጫውን መያዣ ቡሎን አናጠብቀውም፤ ሲነዳ የማይላላ፣ በኃይል ሲመታ ግን የሚዞር እንዲሆን አድርገን እናስረዋለን። ሲወድቅ ይዞራል እንጂ አይሰበርም።

የጎማ ንፋስ በአስፋልት ላይ ከፊት 25፣ ከኋላ ዕቃ ተጭኖ 32 ፒኤስአይ። ኮረኮንች ሲገባ ከሁለቱም ሦስት ያህል ይቀነሳል። ከዚያ በታች ከወረደ ግን ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው ከጎማውና ከቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ካቴናው መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይላላ። ዕቃና ሰው ሲጫን ስለሚወጠር ባዶውን ሞተር አጥብቆ ማሰር ማያያዣውን ያስበጥሳል።

ከመነሳት በፊት ወደ ቀጣዩ ከተማ ለሚታወቅ ሰው ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑንና በሞተር ላይ የተጣለ ገደብ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ የግድ ነው። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ይቆያል።

አነዳዳችን አንድ ሕግ አለው፦ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን ይጠብቃል። መገንጠያ ላይ የደረሰ፣ ከኋላው ያለው እስኪያየው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ቀስ ብሎ የሚነዳው ሁለተኛ ይሆናል፣ መሣሪያውንና ፓምፑን የያዘው መጨረሻ። አቧራ ላይ የፊተኛው አቧራ እስኪበተን ርቀት ይሰጣል። በገበያ ቀን አህያና ሰው መንገዱን ስለሚሞላው ፍጥነቱ እንደ እግረኛ ነው፤ ጥጃ ከተሻገረ ደግሞ እናቲቱ ትከተላለች።

ከእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ምሳ የምንበላው እዚያ ነው። ዙሪያው ጫካ፣ ጫካው ውስጥ ጦጣ አለ። በአዊ መንገድ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው ፈረስ ነው። የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ጥር 23 ቀን ያከብራሉ፤ በዚያ ሰሞን በተለይ ፈረሰኛ ሲመጣ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋትና እንደምን ዋላችሁ ብሎ ማሳለፍ ይገባል። የደነበረ ፈረስ ጋላቢውን ገደል ሊጥለው ይችላል።

ጮቄን ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ነው የምንወጣው። ቢያንስ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ አድረን፣ በማለዳ ወጥተን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መውረድ እንጀምራለን፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ወዲያው ከአንድ ጓደኛው ጋር ይወርዳል፣ ክርክር የለውም። ቤንዚን ደብረ ማርቆስ ላይ አፍ ድረስ ይሞላል።

በ4,000 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ያህል ነው። ባለ ካርቡሬተር ሞተር የኃይሉን ሲሶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ሰው ደርቦ መውጣት አይሆንም፣ ዕቃም ደብረ ማርቆስ ይቀራል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መርፌው ቦታ በሚቀየርለት ካርቡሬተር ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመርፌው አናት ያለችውን ቅንጥብ ወደ ላይኛው መስመር ማዛወር። መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። መርፌው የማይነካ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን በደንብ ማጽዳትና ንጹሕ ካንዴላ መቀየር ይረዳል። ከደጀን ቁልቁል ከመውረድ በፊት ግን ቅንጥቧ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እንደተቀነሰ በቆላ ሙቀት ዳገት ከተነዳ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተኑ እስከ መንከስ (ግሎ እስከ መጣበቅ) ይደርሳል።

ጮቄ ላይ ጓሳውና ጅባራው መካከል፣ ረግረጉ ዳር፣ በአገራችን ብቻ የሚገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ፈልጉ። ሞተሩን አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ሙሉ ቀን ከመዞር ይልቅ ያሳያል። ከመንገዱ በጎማ መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ያ ረግረግ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ጎማ የቀደደው መስመር በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይሄድበትና ቦይ ይሆናል። ገበሬው እርሻውን ወደ ላይ እየገፋ የወጣው መሬት አጥቶ ነው፤ ለሽርሽር የሄደ ሰው ግን ምንም ምክንያት የለውም።

ዓባይ በረሃ የፍሬን ጉዳይ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ማርሽ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ሆኖ ሞተሩ ራሱ ይያዝ፤ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ አጭር ይነካል፣ ይለቀቃል። ያለማቋረጥ እየነኩ የወረዱበት የፍሬን ሸራ ይግልና መያዝ ያቆማል። ያን ጊዜ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ እንጂ ውኃ መድፋት አይደለም፤ የጋለ ብረት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ነፃ አድርጎ መልቀቅ እዚህ ሞት ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል፣ በከባድ መኪና ጎማም ቦይ ሠርቷል፤ ቦዩን በሰያፍ መሻገር ይጥላል፣ ስለዚህ ቀጥ ባለው ቦታ መስመር ተመርጦ ኩርባው ሳይደርስ ይያዛል። ናፍጣ የሚፈሰውም ኩርባ ላይ ነው።

ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር በመንጋ ይቀመጣሉ። ምግብ መወርወር መንጋውን ወደ አስፋልቱ ያስለምደዋል፣ ቀጥሎ የሚያልፈው መኪናም ይገጫቸዋል። የፌስታል ድምፅ ያውቃሉ፤ በሶውና ቆሎው በተዘጋ ዕቃ ይሁን። ድልድዩ በጥበቃ ሥር ስለሆነ ፎቶ ከማንሳት በፊት ጥበቃዎቹን መጠየቅ ነው።

መመለሻው ዳገት በመሆኑ ከደጀን በማለዳ 12 ሰዓት ወርዶ ፀሐይ ሳትከር መመለሱ ይሻላል። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ይያዝ። በዳገቱ አጋማሽ ጥላ ተፈልጎ 20 ደቂቃ ይቆማል። ደጀን ሲደረስ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይለካል፤ በዚህ ዳገት የጋለ አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ያ ግማሽ ሊትር የሚያስፈልገውም እዚህ ነው።