መቶኛው ዓመትና ባለ10 ሳንቲሙ ኮሚክ

አሮጌ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) በፖስታ ልታስመጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዲዝኒ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እዚህ አሜሪካ ሱቁ ሁሉ በበዓሉ ዕቃ ተጥለቀለቀ። ፊላደልፊያ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ውስጥም ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። እኔ ግን ዲዝኒን የማውቀው በወረቀት ነው። ልጅ ሆኜ ሜሪላንድ ስንገባ እንግሊዝኛ ያስለመደኝ ዶናልድ ዳክ የተባለው ዳክዬ ነው፤ ቃሉ ሲጠፋኝ ሥዕሉን አያለሁ። ስለዚህ በዓሉን የዶናልድን ኮሚክ ይሠራ በነበረው በካርል ባርክስ ላከብር ወሰንኩ።

ባርክስ እ.ኤ.አ. በ1942 ከዲዝኒ ስቱዲዮ ወጥቶ ኮሚክ መሥራት ጀመረ። የዶናልድን ሀብታም አጎት ስክሩጅን በ1947 የፈጠረው እሱ ነው። መጽሔቶቹን ያሳትም የነበረው ደግሞ ዲዝኒ ራሱ ሳይሆን ዴል የተባለ አሳታሚ ነበር። የባርክስ ስም ለብዙ ዓመታት አልታተመም። አንባቢዎች ግን እጁን ለይተው ያውቁት ነበር፤ ስሙን ስለማያውቁ «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይሉት ነበር። በዚያ ሁሉ የበዓል ኩባያና ቲሸርት ላይ ስሙን ፈልጌ አጣሁት። ይህ ያሳዝነኛል።

የፈለግሁት ስክሩጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መጽሔት ያገኘበትን የ1952ቱን እትም ነው። ስክሩጅ ገንዘቡ ውስጥ ጠልቆ ሲዋኝ፣ ሌቦቹም እንደ እሱ እንዋኛለን ብለው ዘለው ከሳንቲሙ ጋር ሲላተሙ የሚታይበት ነው። ሻጭ አገኘሁ፣ የጀርባውንና ገጾቹን የያዘውን የሽቦውን ፎቶ አስላክሁ፣ ኢንሹራንስ ጨምሬ ከፈልኩ።

መዘዙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥቅሉ ላይ በትልቁ «አይታጠፍ» ተብሎ ተጽፏል። ፖስታ አድራሹ ግን ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ሲችል አጥፎ ጠባቧ የፖስታ ሳጥናችን ውስጥ በጉልበት ከተተው። ስከፍተው ሽፋኑ ከታችኛው ሽቦ ተላቋል። እጥፋቱ ቀለሙን ልጦ ነጭ መስመር አውጥቷል። ሰባ ዓመት የተረፈ ወረቀት!

ካሳ ልጠይቅ ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ደረሰኜን ገፋ አድርጎ የሽፋኑን ፎቶ አየ። ጥጉ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ዋጋው 10 ሳንቲም ነው የሚለው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቅጹ ላይ «ያገለገለ መጽሔት» ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ደሜ ፈላ። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ጥፋቱን አስተሻሸጉ ላይ ጣለው። ሻጩ በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል ነው ያደረገው! አለቃውን ለማግኘት ብዙ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የረዳኝ የተመሳሳይ እትም፣ በተመሳሳይ ይዞታ፣ በቅርቡ የተሸጠበት ዋጋ ዝርዝር ነው። ከፈሉኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

መመሪያቸው ደረሰኝ ይበቃል ይላል። አይበቃም። የዋጋ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ቀን አያይዙ። ካርቶኑን አትጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ፈርማችሁ የምትረከቡት አድርጋችሁ አስልኩ፤ ያኔ ሳጥን ውስጥ አይጠቀጥቁትም።

ነጋዴዎች ንጹሑን፣ ደረጃ ወጥቶለት ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገውን ግዙ ይላሉ። እኔ አልስማማም። የታሸገ ኮሚክ አይነበብም። ያረጀ ግን ገጹ ያልጎደለ ይሻላል። ኩፖን (ተቆርጦ እንዲላክ ገጹ ላይ የታተመ ቅጽ) ተቆርጦበት እንዳይሆን እያንዳንዱን ገጽ እዩ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ወረቀቱ ርካሽ ስለሆነ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱ ቢጫ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አሲድ የሌለው ካርቶን ደግፋችሁ፣ ከብርሃንና ከቤዝመንት እርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የምገዛው ኮሚክ ገበያ ሄጄ በእጄ ነው። የዚያ እትም ታሪክ 32 ገጽ ነው፤ ሻጩ ፊት አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ቅር የሚለው ካለ አይሽጥልኝ።