ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲያጣ፦ ወደ ሪቢልድ ከመሮጥ በፊት ያደረግኩት

የቢሮው ፋይል ሰርቨር ላይ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች አሉ። በሊኑክስ ሬይድ 5 የተያያዙ ናቸው፤ ማለትም እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ይሠራሉ፣ አንዱ ቢሞትም ዳታው አይጠፋም። የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ (የሞተውን ዲስክ ዳታ መልሶ ለማስላት ለሚያገለግል መረጃ) ስለሚሄድ ለሥራ የሚቀረው 12 ቴራባይት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) ደክሞ፣ ሰርቨሩ ተዘጋ። ሲነሳ ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ከሬይዱ ወጥቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ዲስክ ሰክቶ መገላገል ነው የሚፈልገው። እኔ መጀመሪያ የስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) አየሁ፤ የወጣውን ዲስክ ብቻ ሳይሆን የአራቱንም። የማያቸው ቁጥሮች ሦስት ናቸው። 5 የተበላሹና በትርፍ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ የማከማቻ ክፍሎች) ይቆጥራል። 197 ማንበብ ያቃተውን፣ ግን ገና ያልተተካውን። 199 በዝውውር ላይ የተበላሸ ዳታን ይቆጥራል፤ እሱ ብቻውን ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። በኬብል ጦስ ስንት ደህና ዲስክ ተጥሏል መሰላችሁ!

የወጣው ዲስክ እውነትም አልቆለታል፤ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። «ደህና» ከተባሉት ከሦስቱ በአንዱ ላይ 197 ዜሮ አልነበረም።

ሪቢልድ ማለት የሞተውን ዲስክ ይዘት በአዲስ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባት ነው፤ ለዚህም የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ 12 ቴራባይት። የብዙ ተራ ዲስኮች አምራች ደግሞ በ100 ትሪሊዮን ቢት አንድ የማይነበብ ሴክተር ሊያጋጥም ይችላል ይላል። ይህም 12.5 ቴራባይት ግድም ነው። በተግባር ዲስኮች ከዚያ ይሻላሉ። የታመመ ዲስክ ላይ ግን ቁማር አልጫወትም።

ስለዚህ ሬይዱን አቁሜ የታመመውን ዲስክ (197 ዜሮ ያልሆነበትን) በዲዲሬስኪው ወደ አዲስ ገለበጥኩ። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ይሰበስባል፤ አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆየዋል። የደረሰበትን በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ሀገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ከጥቂት ሴክተሮች በቀር ሁሉም ተነበበ።

ከዚያ የታመመውን ነቅዬ ቅጂውን በቦታው ሰካሁ። ሁለቱ አብረው መሰካት የለባቸውም፤ መለያቸው አንድ ስለሆነ ይምታታል። ደግሞ የሰርቨሩን የዲስክ ስም ማመን አያስፈልግም፤ ሲነሳ ሊቀያየር ይችላል። የእያንዳንዱን ሲሪያል ቁጥር በፕላስተር ጽፌ ከፊት ለፊት ለጥፌያለሁ።

ሬይዱን በኤምዲአድም (የሊኑክስ ሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) «አሴምብል» ማለትም ያሉትን ዲስኮች መልሶ በሚያገጣጥመው ትእዛዝ አስነሳሁት። «ክሪኤት» የሚለውን፣ አዲስ ሬይድ የሚፈጥረውን ትእዛዝ ግን በጭራሽ! የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ከተዛባ ዳታው ላይ ይጽፍበታል። ለንባብ ብቻ ከፍቼ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ቀዳሁ። አዲሱን አራተኛ ዲስክ የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሪቢልዱ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ አለቀ። የተጎዳው አንድ የቆየ የስብሰባ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም የጠየቀ የለም።

ይህ ሁሉ ቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር። ዴቢያን (የሰርቨሩ ሊኑክስ) በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሬይዱን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ይፈትሻል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው «ሰርቨሩን ያዘገየዋል» ብሎ አጥፍቶታል። መልሼ አበራሁት።

አሁን ሬይድ 6 እንዲሆን ጠይቄያለሁ። ሁለት ዲስክ ቢሞትም ይሠራል፤ ቦታው ግን ወደ 8 ቴራባይት ይወርዳል። አለቃዬ «4 ቴራባይት እንዲሁ ሊቀር?» ብለውኛል። የሁለቱን አማራጭ ዋጋ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጫለሁ።