ከታች የመጣ ጎርፍ

ትናንት ሌሊት ነጎድጓድ ቀሰቀሰኝ። በባዶ እግሬ ወደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ሄድኩ። የስልኬን መብራት አብርቼ ወለሉ ላይ ያለችውን ክብ ብረት፣ የፍሳሽ ቀዳዳውን ክዳን አየኋት። ደረቅ ናት። አላመንኩም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኳት። ደረቅ ናት። ተመልሼ ጋደም አልኩ እንጂ እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዝናብ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነኝ። ከሰኔ 25 ቀን 2015 ጀምሮ ማለት ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ 2፣ 2023፣ እሑድ ቀን።

ያን ዓመት ቺካጎ ደርቃ ነበር። ግንቦትን ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሁሉ ገለባ መስሏል። ከጎርፉ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ የካናዳ የደን ቃጠሎ ጭስ ከተማውን ሸፍኖት መስኮት ዘግተን ነው የከረምነው። ልጄ ያስለው ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር ደስ አለኝ። «ተመስገን፣ አየሩን ያጥብልን» አልኩ።

ደመናው ግን ከላያችን አልነቃነቅ አለ። መሃል ከተማ የናስካር የመኪና ውድድር ነበርና ቴሌቪዥኑ ስለ እሱ ብቻ ያወራል። ዝናቡ የባሰው ወደ ምዕራብ ነው፤ ኦስቲን፣ ሲሴሮ፣ እኔ ያለሁበት በርዊን። አንዳንድ ቦታ በዚያን ቀን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። ቺካጎ ጁላይን ሙሉ ከምታገኘው እጥፍ በላይ ማለት ነው። አይዘንሃወር የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪኖች ውሃ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

እኔ ጎርፍ አውቃለሁ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወረደና ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። እኛ ከዚራ ሰፈር ነበርን። ድምፁን ሰምተናል። ባቡር የመጣ ነበር የመሰለን። እማዬ እኔንና ወንድሜን ቀስቅሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችን። ውሃው እኛ ጋ አልደረሰም፤ እሷ ግን እስኪነጋ አላወረደችንም።

ከዚያ በኋላ ጎርፍ ማለት ለእኔ ድምፅ ያለው ነገር ነው። ከላይ ይመጣል፤ እያገሣ ይመጣል። በርዊን ደግሞ ሜዳ ነው። ተራራ የለ፣ በአጠገቤ ወንዝ የለ። ምን ያስፈራኛል?

የምኖረው ከአንድ የጡብ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። የሰኔ ጾም ስለነበር ሽሮ ጥጃለሁ። ልጄ ሶፋው ላይ ካርቱን ያያል። ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽሮዬ መስሎኝ እሳቱን ቀነስኩ። ድምፁ አልቀነሰም። ጭራሽ አጠፋሁት። አሁንም ቱክ ቱክ።

ዞር ብዬ ሳይ ያቺ ክብ ብረት እየዘለለች ነው። ከሥሯ ጥቁር ውሃ ይንተከተካል። ፎጣ ጣልኩበት። ፎጣው ተንሳፈፈ። ባልዲ ደፋሁበት። ባልዲው ተገለበጠ። ሽታው ምን እንደሆነ ወዲያው ነገረኝ። ይሄ የዝናብ ውሃ ብቻ አይደለም።

«እማዬ፣ ምንጣፉ ረጥቧል» አለ ልጄ።

ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት የሜክሲኮ ሰው ናቸው፤ እናቴን ያክላሉ። ደረጃው ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው እየጠሩን ነው። እንግሊዝኛቸውም የእኔም የዚያን ሰዓት ጠፍቷል። ወደ ሶኬቱ ሲያመለክቱ ነው የገባኝ። ውሃው ሊደርስበት ምንም አልቀረውም። ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ቤቴን ከደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጉልበት ድረስ ሞላ። ማታ ደግሞ በመጣበት ቀዳዳ፣ እንደመጣው ጸጥ ብሎ ሄደ። ጭቃውን ትቶልን።

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። እዚህ አካባቢ የቆየው የፍሳሽ መስመር አንድ ነው። ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደውም፣ ከሽንት ቤት የሚወጣውም በአንድ ቱቦ ይሄዳል። በደህና ቀን ችግር የለም። እንዲህ ሲዘንብ ግን ቱቦው ይሞላል። ለዚህ ብለው ከ1975 ጀምሮ ከመሬት ሥር ትልቅ ዋሻ ቆፍረዋል፤ ርዝመቱ 175 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ 90 ሜትር ገደማ። ውሃው እዚያ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጣራል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ግን ውሃው ዋሻው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በየሰፈሩ ባለው ጠባብ ቱቦ ማለፍ አለበት። ያን ቀን የቺካጎ ወንዝም ሞልቶ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ የሚያስወጣውን በር ከፈቱት። ሐይቁ የምንጠጣው ውሃ ነው። ወንዙን በ1900 ወደ ኋላ ያዞሩት ቆሻሻው ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ብለው ነበር።

ውሃ መሄጃ ሲያጣ ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ፈልጎ ይመለሳል። ዝቅ ያለው ቀዳዳ የእኔ ቤት ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ቤዝመንት የሚከራየው ማነው? ኪራይ የከበደው ነው። ገና የመጣው ነው። የመንገዱ ሁሉ ዝናብና የጎረቤቱ ሁሉ ፍሳሽ ተጠራቅሞ የሚመጣው እዚህ የሚተኛው ሰው ላይ ነው።

በማግስቱ ከቤቶቹ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር ፍራሽ ሆነ። ፍራሽ፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ የልጆች አልጋ። ግድግዳውን ከወለሉ ከፍ አድርገው ቆርጠው አወጡት፤ አለዚያ ይሻግታል። የተከራይ ኢንሹራንስ ነበረኝ። ከፍሳሽ ተመልሶ የሚገባ ውሃ ለብቻው ካልተጨመረ አይሸፈንም አሉኝ። እባካችሁ፣ ቤዝመንት የምትኖሩ ዛሬውኑ ደውላችሁ ይሄን ጠይቁ። ነሐሴ ላይ ፕሬዚዳንቱ አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብለው አወጁ፤ ፌማ የሚባለውን የመንግሥት የአደጋ እርዳታ መሥሪያ ቤት ፎርም ሞልቼ ፍራሽ መግዣ አገኘሁ።

ከሁሉም ያስለቀሰኝ ግን በርበሬው ነው። እማዬ በየዓመቱ በሰው እጅ ትልክልኛለች። ራሷ ቀንጥሳ፣ ራሷ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ አስፈጭታ። ያን ዓመት ስምንት ኪሎ ነበር። ክዳን ባለው ነጭ ባልዲ አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ባልዲው ተንሳፍፎ ተገልብጧል፣ ክዳኑ ተከፍቷል። ግማሹ ጭቃው ላይ ቀልቷል። ግማሹ እላዩ ደርቆ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ጎንበስ ስል ከዚያ ሁሉ ክርፋት መሃል የኮረሪማና የበሶብላ ሽታ መጣብኝ። የእናቴ ጓዳ። ደረቁን ለይቼ ላተርፍ ማንኪያ አነሳሁ። ከዚያ ልጄን አየሁትና ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ፍሳሽ የነካው ምግብ አይበላም። በሁለት ጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከፍራሾቹ ጎን ጣልኩት።

በዚያው ሳምንት ደወለች።

«እዚያ ዝናብ አለ?»

«አዎ እማዬ።»

«እሰይ! በርበሬውስ እስከ ፋሲካ ያደርስሻል?»

«ያደርሰኛል።»

ከአንድ ዓመት በላይ ደበቅኳት። ዛሬ ጠዋት ግን እንቅልፍ እንዳጣሁ ከድምፄ አወቀች። ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። በርበሬውንም። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ወንዝ የለም አላልሽኝም?»

«የለም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከወለሉ ነው እማዬ። ከታች።»

ስለ ቱቦው ላስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። ስለ በርበሬው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ልጁ የት ነው የሚተኛው?» አለችኝ።

አልጋውን በጡብ ላይ አቁሜዋለሁ፣ በአራቱም እግሩ ሥር ሁለት ሁለት ጡብ አድርጌ።

«ሦስት አድርጊው» አለችኝ።

ከሥራ ስመለስ አራት ጡብ ይዤ ገባሁ።